ወንዴው ፓፓያ

ከጨርቃጨርቅ ጀርባ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ሉባባ ግቢ ውስጥ አንድ ፓፓያ ባዶ፤
ዓመት እስከ ዓመት ያብባል፣ ያብባል፣
አበባው እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይረግፋል።
«ፍሬ የሌለው ግንድ ጥላው ምን ያተርፋል?»
አለች ሉባባ፤ ከይማም መጥረቢያ ተዋሰች፣
ግንዱ ለስላሳ ነው፣ በሦስት ምት ጨረሰች።

የኮምቦልቻ ፀሐይ ጉቶውን አከሰለ፤
ከግንቡ ወዲያ ግን አንድ ነገር ጎደለ፤
የይማም ፓፓያ፣ ሴቴዋ፣ ወላዷ፣
በፍሬ ተከቦ የነበረው ግንዷ፣
አበባ አውጥታ፣ ጠብቃ ጠብቃ፣
አንድ ባንድ ጣለችው እግሯ ሥር አድርቃ።

እኔ ጎረቤቱ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ፣
በጠመኔ የምስል የእሳት እራት በራሪ
የአበባ ዱቄት ይዞ ከወንዴ ለሴቴ፣
መጥረቢያው ግንቡን ሲሻገር አየሁት ከቤቴ።
ዝም አልሁ።

የእሳት እራቱ አልሰማም፤ ሲመሽ ይመጣና
ጉቶውን ይዞራል፣ ይሄዳል እንደገና።

ዘንድሮ በቦዩ፣ ዕቃ አጥባ ስትደፋ፣
ከገበያ የመጣ የአንድ ፓፓያ ትራፊ፣
ጥቁር ዘር፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ፣
ተሰነጠቀ፣ ልጋጉ ታጥቦ ሲጠፋ።
ሥር ሰዳ በጭቃው ሁለት ቅጠል አወጣች፤
ሉባባ በማለዳ እኔ ደጅ መጣች፦
«መምህር፣ ወንዴ ናት? ንገረኝ እውነቱን።»
«እስክታብብ አይታወቅም፤ ጠብቂ ዓመቱን።»

ትናንት ሲመሻሽ፣ ጎንበስ ብላ ስታጠጣ
«ወንዴ ያርግሽ» ስትል፣
ከግንቡ ወዲያ የይማም «አሚን» መጣ።