ፍሬን

ከማዘጋጃው በታች፣ ቁልቁለቱ አፋፍ፣
ጋቢና ተቀመጥኩ፣ ከተቀደደ ወንበር ጫፍ።
«ለገሃር፣ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው፣ ሊሞላ!»
ይላል ረዳቱ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሙዝ እየበላ።
ኪሴ ውስጥ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣
ለእህቴ ለአስካለ፣ ያባታችንን ቤት መካፈያ።
አፌ ውስጥ ሌላ ቃል፣ ከወረቀቱ የከፋ፣
ሌሊቱን እንደ ካራ ስስለው ያነጋሁት፣ እንዳይለዝብ፣ እንዳይጠፋ።

ዘርጋው ማርሽ አስገባ። መውረድ ጀመርን።
ከጎማው ዘንድ ጮኸ፣ ሲጥ አለ፣ ፍሬን።
«ሸራው አልቋል» አለኝ፤ «ነገ አስቀይራለሁ።»
ነገን እንዲህ የሚያምን ብዙ ሰው አውቃለሁ።

እኔ የቃል ሰው ነኝ። አራሚ። በዘርዓ ክህነት፣ ድሮ፣
ላቲን ተምሬያለሁ፤
ክህነቱ ቀረና ሰዋስው ብቻ ተረፈ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀብሮ።
ፍሬኑ በጮኸ ቁጥር ወደ ኋላ ሄድኩኝ፤
ከጣልያኑ መካኒክ ቃሉን ተረከብኩኝ፤
«ፍሬኖ» ይለዋል፣ ጣቱ በግራሶ ጠቁሮ፣
ሌላ ምን እንደሚለው አልጠየቅሁትም፣ አይችልም አማርኛ ጨምሮ።
ከእሱም በስተጀርባ ሮማዊው አለ፣ ፈረሱን አቁሞ፤
«ፍሬኑም» ይላል፤
በእኛ ጆሮ «ፍሬኑም ሳይቀር» ይመስላል ደግሞ።
ፍቺው ልጓም ነው። በቃ። የብረት ልጓም፣
ፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባ፤ ያኔ ጎማ የለም።

ልጓም!
አባቴ በዚህ ቁልቁለት ጋሪ ነድቷል።
የፈረሱ የዳማ ልጓም ያ ቤት ግድግዳ ላይ አሁንም አለ፣
ንብረቱ ሲዘረዘር ማንም ሳያነሳው የተዘለለ።

ከዚያም ታች ወረድኩኝ። ከልጓሙ ሥር ሌላ ግስ አለ ይላሉ፤
ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ግማሾቹ ግን ይምላሉ፦
ፍሬንዴሬ። ጥርስ ማፋጨት፣
ብረት እንደነከሰ ፈረስ፣ ወደ ፊት እየፈለጉ ባሉበት መቆየት።
እና ያ ጩኸት፣ ከጎማው የሚወጣው፣
ዘርጋው ነገ ዝም ሊያሰኘው ቀጠሮ የሰጠው፣
ለካ ቃሉ ራሱ ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ጥርሱን እያፋጨ የመጣው።

ለዘርጋው ነገርኩት። መሪውን እንደያዘ ሳቀ፦
«ታዲያ ፈረሱ ይሻላል፤ ሸራ የለው፣ አላለቀ።»

ፖስታ ቤትን አለፍን።
አስካለ ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ጥላው ውስጥ ቆማለች፤
ያው ያባቴ አቋቋም፤ ባንድ እግሯ ታርፋለች።
«ወራጅ አለ!» አልኩ። ወረድኩ።
ያ ቃል አፌ ድረስ መጣ። ነከስኩ።
መጥሪያው ኪሴ ውስጥ ነው። «የዳማ ልጓም» አልኳት፣ «አልተቆጠረም።»
አየችኝ። መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ።
እሷም ምን እንደዋጠች አልነገረችኝም።