ዙሪያ መንገድ

ከአሮጌው ገበያ እስከ ሰፈሬ በር
በአቋራጭ ቢነዱ አምስት ደቂቃ ነበር፤
ግን መሐሉ ላይ አለች የሽብሬ ግሮሰሪ፣
ስሜን አቆላምጣ ከደጅ ተጣሪ።

እና ባጃጄን በሐይቁ አዞራታለሁ፤
አሞራ ገደል ጋ
እጄ ሲንቀጠቀጥ መሪዬን አንቃለሁ።
ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፣
"ዞሮ ዞሮ ከቤት" እላለሁ።

ሰባት ወር ከአሥር ቀን።
የትናንቱ ለዛሬ አይቆጠርልኝም፤
ሲመሽ ጉሮሮዬ አዲስ ነው፣
ምንም አልተማረም።

ብዙነሽ ገቢዬን ስትቆጥር
"ሠላሳ ብር የት ገባ?" ትል ነበር።
ዝም።
ምን ልበላት? ቤንዚን ነው? ፍርሃት ነው?

ዛሬ ጠዋት ሸሚዜ ኪስ ውስጥ
የታጠፈ ሠላሳ ብር።
"ምንድነው?" አልኳት።
ከምታጥበው ብርጭቆ ዓይኗን ሳታነሳ
"ለዙሪያው" አለች።