ቀለም ቆጠራ

ጎብኚ ሁሉ ሲመጣ ይጠይቀኛል፤
«ከዚህ ሁሉ ፓርክ የቱ ይበልጣል?» ይለኛል።
እኔ ምን ልመልስ፣ የዱካ ጠባቂ፣
በየሰኔው ድንጋይ በቢጫ ለቅላቂ፣
የተበጠሰ ገመድ ቋጣሪ፣
ጭቃ ላይ የድብ መዳፍ ቆጣሪ!
ሃያ ሦስት ዓመት ሄድኩበት፣ አላለቀልኝም፤
ዳይሴትሱዛን አንድ ቀን «ይኸው ይህ ነኝ» አላለኝም።

በሰሜን ገደሉ፣ ዓምድ ዓምድ የቆመ፣
በፏፏቴ ነጭ ጥለት ግራ ቀኝ የተሸለመ፤
በደቡብ ጭሱ፣ ድኙ የሚያስነጥስ፣
ከሥር ግዙፍ ነገር እንደተኛበት ሁሉ የሚተነፍስ፤
መሀሉ ሜዳ ነው፣ ሐምሌም በረዶ የሚያድርበት፣
ድንክ አበባ ከጥጉ እየተጋፋ የሚወጣበት።
የአገሩ ቀደምቶች፣ አይኑ የሚባሉት፣
በገዛ ቋንቋቸው «ካሙይ ሚንታራ» ያሉት፣
የአማልክት መጫወቻ ማለት።
እኔ እንግዲህ የመጫወቻው ጠራጊ መሆኔ ነው።

ብቻ አምና በመስከረም፣ ረፋዱ ላይ፣
በሽቦ የሚሳበው ሣጥን ሲከፈት እላይ፣
መምህርት ሂሳኖ ወረዱ፤ ሰባ ስምንት ዓመት፣ አንድ ከዘራ።
ትምህርት ቤታቸው ከሩዝ ማሳ መሀል፣ ተማሪ አጥቶ የዘጉት፤
አርባ ዓመት በመስኮት እያዩ ሰሌዳ ላይ የሣሉት
ይህንኑ ተራራ።
ወጥተውት ግን አያውቁም፤
ቅዳሜ ላሞች ነበሩባቸው፣
እሑድ እናት ታመሙባቸው፣
የቀረውን ቀን ሁሉ በረዶ ዘጋባቸው።

ቃጭል አቀበልኳቸው፤ «ድብ አለና ያቃጭሉ»፤
ምላሱን በጣታቸው ያዙና
«አርባ ዓመት ደወል ደወልኩ፣ ዛሬስ ዝም ልበል» አሉ።

ሱጋታሚ ኩሬ ጥግ ስንደርስ ቆሙ።
ቆሙ፣ ቆሙ።
ጭሱ ሽቅብ ይነጉዳል ከውኃው ማዶ፣
አናቱ ላይ ሌሊት የጣለ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ፣
ከወገቡ በታች «ሰባት ምድጃ አያነደው» የሚሉት ዛፍ
ማንም ሳይለኩሰው ነዶ፤
የዝገት ቀይ፣ የሸክላ ቀይ፣ የሕፃን ጉንጭ ቀይ፣
ደግሞ ስም ያልወጣለት፣ ጠዋት ብቻ የሚታይ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ተማሪዎቼን ዋሸኋቸው፤
አርባ ዓመት በነጭ ጠመኔ ተራራ ሣልኩላቸው።
ቀለም ሳስቆጥር ኖሬ፣ ፊደል ሳስለይ፣
ቀለም ሳልቆጥር ቀረሁ፣ ዓይን እያለኝ ሳላይ።»

ምን ይባላል? «ነጩም እኮ አለበት» ብዬ
በረዶውን አሳየኋቸው።
አላጽናናቸውም።

ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠር ያዙ፣ እንደ ሕፃን፤
አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ጉም መጣና ሸፈነን።
ቆመን ጠበቅነው። ከቋጥኙ ሥር፣
አንዲት ጭራ የለሽ ትንሽ ፍጥረት ጪ ብላ ጮኸች፤
ስም የተጠራ መስሏት እንደ ተማሪ «አቤት!» አለች።
መምህርቷ በጉሙ ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው፣
አላየኋቸውም እንጂ።

ስንወርድ ጎንበስ ብለው ድኝ የነካው ጠጠር አነሡ።
ከዚህ ግቢ ቅጠል እንኳ አይወሰድም፤ ደንብ ነው።
ልናገር አፌን ስከፍት፣ በከዘራቸው ላይ
አንዲት ቢጫ መስመር አሰመሩ፤
ጠጠሩን መለሱት እንደነበረ፣ ሆዱን ወደ ምድሩ።
በሥራ ደብተሬ ምን ብዬ ልጻፍ?
«የተወሰደ ንብረት፦ መስመር፣ አንድ»?
ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ዘንድሮ አልመጡም። ፖስታ ካርድ መጣ፣
ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ፣ ከመስመር ያልወጣ፦
«ጉልበቴ እምቢ አለኝ።
አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበርን። ቀጥል።»

ስለዚህ፣ እናንተ መንገደኞች፣
«የቱ ይበልጣል?» እያላችሁ ፊቴ አትቁሙብኝ፤
ጉሙ ሳይመለስ ልውጣበት፣
የቤት ሥራ አለብኝ።