በመቶ ሃምሳ ቃል

ጥያቄው አጭር ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሰፍሯል፦
«ሁለቱ ወንድማማቾች ጀልባዋን በምን ዓይን አይተዋል?
አነጻጽራችሁ ጻፉ፣ በመቶ ሃምሳ ቃል፤
ማስረጃ ከታሪኩ፤ ያለዚያ ነጥብ ይጎድላል።»

ሙሮስ ዝናብ ይዟታል፤ መስኮቱ በላብ ርሷል፤
የናፍጣና የዓሣ ሽታ ከወደቡ ደርሷል።
ሃያ ሰባት አንገት ወረቀት ላይ ተደፍቶ፣
የሹርሾ ብቻ ቀና ብሏል፣ ጣሪያው ላይ መልስ ሽቶ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አባት ይሞትና
ዕዳና ጀልባ ይቀራሉ፣ በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ገና።
ታላቁ ይሸጣታል፤ «ዳቦ ሆነች» ይላል፤
ታናሹ ያንኑ ቀን «ቀበርናት» ብሎ ያለቅሳል።
ከዚህ ሌላ የለም፤ አራት ገጽ ከግማሽ፤
ጠርዙ ላይ መልሕቅ ሥሎበታል አንድ የአምና አበላሽ።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
ክምሩን ጀመርኩት ከመብራቱ ሥር ተክዤ።
ሹርሾ ምን ጻፈ? «ሁለቱም ልክ ናቸው።»
(መቶ አርባ ሰባት ቃል፣ የት እንዳሉ እሱ ይወቃቸው።)
አንቶን ታላቁን አሞግሶ አሞግሶ፣
ታናሹን ረሳው፤ ንጽጽሩ ቀረ በአንድ እግር አነክሶ።
ኤልቪራ ደግሞ መንታ ሚዛን ሰቅላ፣
«በአንድ በኩል»፣ «በሌላ በኩል»፣ እንደ ሽንኩርት ነጋዴ ከፋፍላ፣
አንድ ግራም ሳታዛባ አስረከበችኝ፤
ዘጠኝ ሰጠኋት። እንቅልፍ ሰጠችኝ።

ሳቤላ ጋ ደረስኩ።
ገጹ ከሞላ ጎደል ባዶ፤ መሃሉ ላይ ሁለት መስመር፣
ፊደሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ንፋስ እንደመታው የሸምበቆ ድርድር፦

«ታላቁ ጀልባዋን የሚያያት ከባሕሩ ዳር ቆሞ ነው።
ታናሹ ዳሩን የሚያየው ጀልባዋ ላይ ሆኖ ነው።»

አለቀ። አራት ነጥብ።
እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ፤
ሾርባዬ ከነማንኪያው ቆዳ አውጥቶ አደረ።
ግን አስተማሪ ነኝ፤ ልማድ አይለቅም፤
«ማስረጃ የት አለ? ገጽ ስንት?» አልኩ፣ ጠርዙ ላይ፣ በደማቅ ቀለም።

በማግስቱ በእርሳስ ከሥሩ መለሰች፣
ፊደሏን አድቅቃ፤ የምትደብቅ መሰለች፦
«ገጽ የለውም፣ መምህር። እናቴ ደጅ ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች፤
ማዕበሉ በተነሣ ቁጥር ጀልባዋን ትረግማለች።
አባቴ ከግራን ሶል፣ በተቆራረጠ ድምፅ፣ ይደውላል፤
ስለ ዓሣው ስንጠይቀው የደጃችን አምፖል በርቶ እንደሁ ይጠይቃል።
ሁለቱ ስለ አንድ ባሕር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።
ይኼ ግን ከመጽሐፉ አይደለምና ልክ አይሆንም።»

ምን ይባላል ለዚህ? ሠንጠረዡን ገለጥኩ፤
ከላይ እስከ ታች በጣቴ ፈለግኩ፦
«ንጽጽር፣ ሦስት ነጥብ። አያያዥ ቃል፣ ሁለት።
ማስረጃ፣ ሦስት ነጥብ። ሥርዓተ ነጥብ፣ ሁለት።»
የእናቷ ደጅ የሚገባበት ሣጥን አጣሁለት።

«ድጋሚ ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው። ሞላችው።
«በአንጻሩ» አለችበት፣ «ይሁን እንጂ» አለችበት፣ ገጽ ሁለት፣ ገጽ አራት ብላ ጠቀሰችው።
መቶ ሃምሳ ቃል ሞላ፤ አንድም አልተረፈ፤
ባሕሩ የለበትም። በየትኛው ነጠላ ሰረዝ በኩል ይሆን የተንጠፈጠፈ?

ዘጠኝ ሰጠኋት፤ በሠንጠረዡ ልክ ይገባታል።
ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ አጠፈችው። አራት ቦታ ታጥፏል።

የመጀመሪያው እኔ ጋ ነው፤ አልመለስኩላትም፤
መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጠመኔው ሥር። ነጥብ አልጻፍኩበትም።
የኔን ጥያቄ ግን በምላጭ ፋቅኩት፤
ቀዩ እምቢ አለ፤ ወረቀቱን በሳሁት።
«ማስረጃ» ያልኩበት አሁን ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ናት፤
መስኮቱ ላይ ስይዘው ወደቡ ይገባባት።
ትናንት ማታ አንዲት ጀልባ በዚያች ቀዳዳ አለፈች፤
እየወጣች ነው እየገባች? ከዚህ፣ ከዳር ሆኜ፣ አልተለየች።