እኔን አትሁኚ

ታርቱ ላይ ወንዙ ረግቷል፤ በረዶ ከድኖት ዝም፤
ቪርቬ ግን ከማይክሮስኮፗ፣ ሌሊቱም ቢሄድ አትነሣም።
የዘጠኝ ቀን የጫጩት ሽል፣ ከቅርፊቱ የወጣ፣
ጆሮው ገና ድምፅ አያውቅም፣ ነጎድጓድ እንኳ ቢመጣ።

እዚያ፣ ጎን ለጎን ቆመው፣ መንታ የሚመስሉ ሕዋሳት፣
ሁሉም ጸጉር ማብቀል ይሻሉ፤ ሁሉም ይሻሉ መስማት።
አንዷ በጥቂቱ ትቀድማለች። በምን? ቪርቬም አታውቅም።
ጎረቤቷን፣ «እኔን አትሁኚ» ትላለች፤ በድምፅ ግን አይደለም፤
በመንካት።
ያቺ እሺ ትላለች፣ ደጋፊ ሆና ከሥር ቀርታ፤
ይቺ ትቆማለች፣ ጸጉሯን እንደ ደረጃ ሠርታ።

አባቷ ኡርማስ ፒያኖ ቃኝ ነበር። ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ሄዱ፤
የወፏ፣ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ሳይሰናበቱት ነጎዱ።

ዶሮስ ጆሮዋ ቢጎዳ፣ ደጋፊዋ ትነሣለች፤
«አትሁኚ» ያለቻት የለችም፤ የተከለከለችውን ትሆናለች።
በሰው ጆሮ ግን፣ ከልካይዋ ከሞተችም በኋላ፣
እንደታዘዘች ትኖራለች፤ አትመኝም ሌላ።

ቪርቬ ሌላ እንቁላል ሰበረች።

እሁድ እሁድ ኡርማስ ቁልፉን ይመታል፤
እንጨቱ ላይ መዳፉን ይጥላል፤
ትንሽ ቆይቶ፣ «ይቺ ዝቅ ብላለች» ይላል።
ልክ ነው።