አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ሲናገር ማይኩ ያፏጫል፣
ግድግዳው ላይ ካርታ በፕላስተር ተለጥፏል፤
ሦስት ቀይ ክብ አለው፣ ሦስት ቦታ ታጭቶ፣
እኔ ጥግ ይዣለሁ፣ እስክሪብቶ ተከፍቶ።
ሥራዬ መጻፍ ነው። የተባለውን፣
ደግሞ ሲያዙኝ ጊዜ ያልተባለውን።

የመጀመሪያው ክብ ሐይቁ ዳር ያረፈ፣
በደንገል መካከል ውሃ ላይ የሰፈፈ፤
ሁለተኛው ዳገት፣ ከአየር ማረፊያው ማዶ፣
ሦስተኛው የሽንኩርት ማሳ፣ መስኖው በቦዩ ወርዶ፣
ባለቤቱ ሳይጠራ በቀይ ቀለም ታርዶ።

መሐንዲሱ ውብአንተ ተነሣ፣ ቆጠረ፣
«ሠላሳ ሺህ ወንበር» ብሎ ጀመረ፤
ጣራው እንደ ታንኳ፣ ጫፉ ቀና ያለ፣
ማታ መብራቱ ሲበራ ጎርጎራ ይታያል አለ።
«ታንኳ» የሚለው ቃል ኋላ ወንበር ሲደርስ፣
አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሲያብስ፣
አየሁት። ያንን ግን የት ላይ ልጻፈው?
ሳቅ ዓምድ የለውም። እስክሪብቶዬ አለፈው።

ቀጥሎ ስለ ገንዘብ። እዚህ ላይ ዝም ተባለ፤
ወንበር እንኳ አልተንቋቋ፤ የሚያስለውም ቻለ።
«ግማሹ ከመንግሥት፣» አለ ሂሳብ ሹሙ፣
«ግማሹ ከሕዝቡ፣ ከፍቅሩ፣ ከአቅሙ፤
የሠራተኛው ደመወዝ በዓመት ተቆራርጦ፣
የነጋዴው ድርሻ ፈቃድ እድሳት ላይ ተቀምጦ፣
ሁሉም በፈቃዱ።»
                ፈቃድና ፈቃድ ባንድ ፊደል ጻፍኩት፣
የእኔን ወር አስልቼ ከሥሩ አሰመርኩበት።

አንጓች ተነሣች፤ ዓሣ ነው የምትጠብስ፣
እጇን በቀሚሷ፣ ዘይት እንደሚያብስ፦
«ያለፈውስ?» አለች፣ «የዛሬ ስድስት ዓመት፣
ለመንገድ መብራቱ ያዋጣነው፣ ማኅተም ያለበት?
ደረሰኙ አለኝ፤ መብራቱን አሳዩኝ።
ማታ ወደ ቤቴ ስገባ ጉማሬዎች ናቸው የሚያዩኝ።»
ሰብሳቢው «ጥሩ ሐሳብ» አለ። «ጥሩ ሐሳብ» ማለት፣
እኔ እንደማውቀው፣ ገጹን ግለጥና አትጻፍላት።

ይታያል ተነሣ፤ የክለቡን ማልያ ለብሶ፣
ከልጅነቱ የጮኸበት ድምፁ ሻክሮ፣ ፈርሶ፦
«የራሳችንን ጨዋታ ለማየት እስከ መቼ ሌሊት እንጓዝ?
አባቴ ሳያይ ሞተ፤ እኔም ቆሜ ልፍዘዝ?»
ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እውነቴን፣
እስክሪብቶዬን ጥዬ፣ ረስቼ ሥራዬን።

በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ፣ ያ ሳቂው፣ እጁን አወጣ።
«አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ ቢጠፋም አልቆጣ።
ልጆቹ ዳር ሲጫወቱ ኳሷ ሐይቁ ትገባለች፤
ይኸው ሠላሳ ዓመት በእኔ ታንኳ ትወጣለች።
አጥሩ ሲታጠር፣ ሠላሳ ሺህ ሰው ሲሞላ፣
ኳሷ ውሃ ስትገባ ማነው የሚያመጣላችሁ ኋላ?»
አዳራሹ ሳቀ። መሐንዲሱም ሳቀ።
ሽማግሌው ግን አልሳቀም፤ መልሱን ጠበቀ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር፣
«አንድ አስተያየት ተሰጠ» ብዬ አሳጠርኩት፣ በአንድ መስመር።
ከዚያ፦ «ቦታው በጥናት ይለይ፤ መዋጮው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»
(ስንት እጅ እንደወጣ እኔም አልቆጠርኩ፤ እሱም አልጠየቀ።)

ክረምት መጣ፣ ሄደ። ሁለት ጊዜ።
ጥናቱ ይጠናል። እየሳሳ ነው ደመወዜ።
ዳሩ ላይ የመሠረት ድንጋይ ቆሟል፣ ሪባኑ በዝናብ ነጥቶ፣
ሐይቁ ሲሞላ ይሰጥማል፤ ሲጎድል ይወጣል፣ ጭቃ ተቀብቶ።
ዓሣ በል ወፍ ቆሞ ክንፉን ያሰጣል በላዩ፤
ለልጆቹ ጎል ነው፤ አንዱ ቋሚ ድንጋዩ፣
ሌላው ቋሚ የአንዳቸው ጫማ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ በዚያ አለፍኩ። ኳሷ ውሃ ገብታ፣
ጋሽ እንድሪስ ይቀዝፋል፣ ሳይጣደፍ፣ በዝግታ።
አንድ ልጅ ብብቴ ሥር ያለውን መዝገብ አየና፣
«ጋሼ፣ ጸሐፊ ነህ? ስንት ለስንት እንደሆንን እንጣላለንና፣
ጻፍልን» አለኝ።
                በቃለ ጉባኤው ጀርባ፣ ባዶው ገጽ ላይ፣
«ሁለት ለአንድ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሹም ትልቁም እስኪያይ
ገልጬ ያዝኩላቸው። አንድ ያላቸውም ዝም አሉ።
የተቃወመ አልነበረም።
ኳሷ ውሃ እያንጠባጠበች ተመለሰች፤ ቀጠሉ።