ጢጥ ካለ፣ መንገድ አለ

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ሲጀምር፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከውኃው ታንከር ሥር፣
ግማሿ ብቻ የሚከፈት አንዲት ሻተር አለች፣
ግማሿን ሚኒባስ ገጭቷት ተጣማ የቀረች።
እዚያ ነው እሑዳችን። አራት ሆነን፣
አንድ የሞተ ቲቪ ጌም ከበን፣
ለቀስተኛ እንዳንባል ሳቅ የሚቀድመን፣
ሐኪም እንዳንባል ዕውቀት ያጠረን።

ድሮ ግራጫ ነበር፤ ዛሬ የአጫሽ ጥርስ መስሏል።
ስሙ በመዳፍ ብዛት ተፍቆ አንድ ፊደል ቀርቷል።
የውስጡን መስመር የሚናገር ወረቀት የለም፤
የሠራውም ፋብሪካ ቢጠሩት አይሰማም።
እንግዲያ እኛው እንሣለው አልን፣
ከየትኛው እግር የተነሣ የት እንደሚደርስ፤
ነገ የእርሱ የሚሞትበት ሰው
ከእኛ ስሕተት ይጀምር እንጂ ከዜሮ እንዳይነሣ።

ትርሲት ቺፖቹን ነቀለች፣
እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ትንፋሿን ይዛ።
ቦርዱን በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስታሸው
አረንጓዴው ከአቧራው ወጣ፣
ከኮረብታ የታየ ማሳ መሰለ፣
ድንበሩ፣ ቦዩ፣ መሄጃው።
ኦብሳ አየና ዝም አለ።
አባቱ እዚህ ምስር ይዘሩ ነበር።
«ብሎክ ዘጠና አራት» ይላል አንዳንዴ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
«የእኛ ጉድጓድ ላይ ነው የቆመው።»

ጋሽ ላቀው ሠላሳ ሁለት ዓመት የቴሌ እንጨት ላይ ወጥተዋል፤
ጉልበታቸው እምቢ ብሏል፣ ጆሯቸው ግን ገና ያገለግላል።
ቀዩን መርፌ ከአንዱ እግር፣ ጥቁሩን ከሌላው አስነክተው
አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ።
ጢጥ ካለ፣ መንገድ አለ።
ዝም ካለም ይጻፋል፣
አለመገናኘትም ወሬ ነው።

ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ በካላንደር ጀርባ፤
«አሥራ ሰባት፣ ከሃያ ሁለት ጋር።»
የአንዷ ቺፕ አርባ እግር ሦስት እሑድ በላ።
ቦርዱ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ እንደሚሆን ረስቼ
አንዱን እሑድ ሙሉ በመስታወት ጻፍኩት።
ትርሲት አልተቆጣችም። ላጲሱን አቀበለችኝ።
ከቁጣ ይከፋል።

ሙዘሚል የሰንዳፋ ልጅ ነው፣ ፊቱን አናውቀውም፣
ያው ቦርድ አለው፤ የእኛ የተቃጠለበት የእርሱ ደኅና ነው።
በስልክ እንጠይቀዋለን፣ ሄዶ ይነካል፣
በስልኩ ውስጥ የእርሱ ሜትር ጢጥ ሲል
ጋሽ ላቀው እንደ ዘመድ ድምፅ ፈገግ ይላሉ።

መብራት ሄደ። ማንም አልተነሣ።
የሞተን ለመጠየቅ መብራት ምን ያደርጋል፣
የሜትሩ ባትሪ ይበቃል።

በዚያ ጨለማ ነው በእጅ ባትሪ ያየናት፣
ከሆዱ በኩል፣ ፀጉር የምታህል ሽቦ፣
ከተቆረጠ መስመር ላይ ዘላ የምታልፍ፣
በጥፍር ቀለም ተለጥፋ።
«ፋብሪካ ጥፍር አይቀባም» አሉ ጋሽ ላቀው።
«ሴት ናት የጠገነችው» አለች ትርሲት።
«ወይ ከሚስቱ የሰረቀ ወንድ።»
ሙዘሚልን ጠየቅነው፤ የእርሱ ላይ የለችም።
«እንግዲያ ካርታው ውስጥ አትገባም» አልኩ፣ እስክሪብቶዬን አንሥቼ፣
«የጌሙ አይደለችም፣ የአንድ ሌሊት ናት።»

አንድ ሌሊት። ምናልባት ጌም ቤት ነበር፤
ጠዋት ስሙኒ ጨብጠው የሚሰለፉ ልጆች፤
ካውያ በቡታጋዝ ያጋለ ሰው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።

ኦብሳ ነው የተናገረው፣ ቦርዱን ሳይለቅ፦
«የተቆረጠውንም ጻፈው፣ የተቀጠለውንም።»

የተቆረጠውን በነጠብጣብ፣
እሷን በቀይ እስክሪብቶ።
ጋሽ ላቀው ሁለቱን ጫፍ ነኩ።
ጢጥ።

ሻተሩን ስንስብ አንድ መንገደኛ ቆመ፣
ብሎክ መቶ ሰባት የት ነው አለን።
ሦስታችን ወደ ሦስት አቅጣጫ ጠቆምን።
ኦብሳ ብቻ እጁን አላነሣም፣
«ከሾላው በስተግራ» አለው።
ሾላው ከተቆረጠ አሥር ዓመት አልፎታል።
ሰውየው አመስግኖ፣
ወደ ግራ ሄደ።